ጋርባ ጉራቻ፦ ዝናብ ሲበዛ እሳት የበዛበት ተራራ

ጋርባ ጉራቻ በኦሮምኛ ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው። ባሌ ተራሮች ላይ፣ የቶጎና ሸለቆ ከሚነሣበት ራስጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,950 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ውሃ ነው። ጎድጓዳውን የቦረቦረለት የበረዶ ግግር ነው፤ ዛሬ ውርጭ ብቻ በቀረበት በዚያ ተራራ ላይ አንድ ዘመን በረዶ ተጋግሮ ይኖር ነበር። ግግሩ ቀልጦ ሲሸሽ ጎድጓዳው ውሃ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ነፋስ ያመጣው፣ ጎርፍ ያጠበው፣ ውሃው ውስጥ ኖሮ የሞተው ሁሉ ከሥር ሲነባበር 16,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች ያንን ጭቃ ከላይ እስከ ታች በቱቦ ሲያወጡት ከ15 ሜትር በላይ ሆነ።

ጭቃው ውስጥ ከሰል አለ። ማድቤት የምናውቀው ዓይነት ጉማጅ ሳይሆን አብዛኛው ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ፣ አንዳንዱም ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታይ ነው። ነገሬ ስለዚያ ከሰል ነው።

ከሰሉን ፍለጋ የተሄደው ለጉጉት ብቻ አይደለም። ባሌ ላይ የቆየ ክርክር አለ። ከ3,000 እስከ 4,300 ሜትር ባለው ከፍታ ተራራው እንደ መቀነት የታጠቀው፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ የሸፈነው ምድር አለ፤ አስታውን በአካባቢው ሳቶ ይሉታል። ከብት አርቢው ይህን አስታ በየጊዜው ያቃጥለዋል። መንግሥት ደግሞ ማቃጠልን ይከለክላል። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን የሚኖሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ምድር ነው። ከልካዩ «ተራራውን አራቆታችሁት» ይላል። አርቢው «አባቶቻችንም ያቃጥሉ ነበር፣ አስታውም ይኸው አለ» ይላል። ሁለቱም ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡት ዓይናቸው ያየውን ነው፤ የሰው ዓይን ደግሞ ቢበዛ ሰባ ሰማንያ ዓመት ነው የሚያየው።

እውነቱን ለመናገር የእኛ ትውልድ በዚህ ክርክር ገለልተኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ የባሌና የቦረና ደን ሲነድ ተማሪ ሳይቀር እሳት ሊያጠፋ ዘምቶ ነበር። ያንን ወሬ በሬዲዮ እየሰማ ያደገ ሰው «ባሌ ላይ እሳት ተነሣ» ሲባል ልቡ ቶሎ የሚሄደው ወደ ጥፋት ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይሻላል፦ እሳት በአስታው ምድር ላይ በቅርብ የመጣ እንግዳ ነው ወይስ ድሮም ቤተኛ ነበር?

ወደ ሐይቁ ከመመለሴ በፊት ከሰል ራሱ ለምን ምስክር መሆን እንደቻለ ላሳይ። በቀደም ቡና ሲፈላ ከማንደጃው አጠገብ የወደቀ የቀዘቀዘ ከሰል አንሥቼ ሁለት ላይ ሰበርኩት። ስብራቱ ያብለጨልጫል። በማጉያ መነጽር ሲያዩት ደግሞ እንደ እንጀራ ዓይን የተበታተኑ ቀዳዳዎች አሉት፤ ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ ወደ ላይ ይስብባቸው የነበሩ ቱቦዎች ናቸው። ጥድ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ዓይኖች አይኖሩም ነበር። ጥድ ውሃውን የሚያሳልፈው እጅግ በጠበቡ ክሮች ስለሆነ ስብራቱ ልሙጥ ይመስላል። ማለትም እንጨቱ ተቃጥሎ እንኳ የዘሩን መልክ አልለቀቀም። አየር ባጠረው እሳት ውስጥ ውሃውና ጋዙ ወጥቶ የሚቀረው ካርበን ምስጥ አይበላውም፣ ፈንገስም ከሞላ ጎደል አይደፍረውም። ጥሬው እንጨት በጥቂት ዓመታት አፈር በሚሆንበት ቦታ ከሰሉ ሺህ ዓመት ይቀመጣል።

የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ከጥንት ምድጃ የሚያወጡት ከሰል እንዲህ ያለ ጉማጅ ስለሆነ በሦስት አቅጣጫ ሰብረው፣ ይህ ወይራ ነው፣ ይህ ጥድ ነው ብለው ይለያሉ። ግን የምድጃ ከሰል አንድ እንከን አለው፦ የሚነግርህ ሰው ምን እንጨት ለቅሞ እንዳመጣ ነው። ሰው ደግሞ ይመርጣል፤ ወይራ ካገኘ ሌላ አይለቅምም። የሐይቅ ከሰል አይመርጥም። በአካባቢው የነደደው ሁሉ፣ ሰው ያቃጠለውም መብረቅ የለኮሰውም፣ ብናኙ በነፋስና በጎርፍ ይመጣል። ድክመቱ ደግሞ ቅንጣቱ በጣም ትንሽ በመሆኑ የየትኛው ዛፍ እንደሆነ ለመለየት ማስቸገሩ ነው። ስለዚህ የሐይቅ ከሰል ይቆጠራል፤ ዛፉን የሚናገርለት ጎረቤቱ፣ ፖለን የሚባለው የአበባ ብናኝ ነው።

የቆጠራው ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከቱቦው የወጣው ጭቃ በቁመቱ ይሰነጠቅና በየሴንቲሜትሩ ይቆረጣል። ቁራጩ የበሰበሰውን ቅጠልና ሥር በሚያነጣ ፈሳሽ ይዘፈዘፋል፤ ከሰሉ ግን አይነጣም። ከዚያ በደቃቅ ወንፊት ይታጠብና የቀረው በሳህን ላይ ተዘርግቶ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጥቁር ሁሉ ከሰል አይደለም፤ ባሌ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ጥቁር የማዕድን ቅንጣት ሞልቷል። ሲጠራጠሩ በመርፌ ጫፍ ይጫኑታል። ከሰል ከሆነ ቀጭጭ ብሎ ወደ ሹል ስብርባሪ ይለወጣል፣ ድንጋይ ከሆነ ይንሸራተታል። ትልልቁ ቅንጣት ሩቅ ስለማይበር በአቅራቢያ የተነሣ እሳትን ያመለክታል፣ ደቃቁ ግን ከብዙ ኪሎ ሜትር ሊመጣ ይችላል።

የአበባ ብናኙ ሌላ ጣጣ አለው፤ ጭቃው በኃይለኛ አሲድ እየታጠበ ማዕድኑ ሁሉ እንዲሟሟ ይደረጋል። የብናኙ ቅርፊት ግን አሲዱን ይቋቋማል። የአስታ ብናኝ በማይክሮስኮፕ ሥር ለማወቅ አያስቸግርም፦ አራት አራት ሆኖ ተጣብቆ ነው የሚገኘው፣ አራት ብርቱካን አንድ ላይ የታቀፉ ይመስል። የሣሩ አንድ ክብ ነው፣ የዝግባው ሁለት የአየር ከረጢት አንጠልጥሏል። በሺህ የሚቆጠር ቅንጣት እንዲህ እየለዩ መመዝገብ ዓይን ያፈዝዛል እንጂ ምሥጢር የለውም።

ዕድሜው የሚታወቀው በካርበን 14 ነው። ሕይወት ያለው ሁሉ ከአየር የሚወስደው ይህ ካርበን ከሞት በኋላ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከጋርባ ጉራቻ ጭቃ ከተለያየ ጥልቀት ናሙና ተወስዶ፣ ከሰሉም ጭምር፣ ዕድሜው ተለክቷል። እግረ መንገዴን፦ በዚህ ሙያ «ከአሁን በፊት» ሲባል «አሁን» የሚባለው እ.ኤ.አ. 1950 ነው። አንድ ጊዜ ተወስኖ ቀርቷል፤ ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ ከዚያ ወደ ኋላ ይቆጠራሉ።

ሐይቁ ሁለት ጊዜ ተጠንቷል ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር ከሄንሪ ላምብ፣ ከሬይሞንድ ቦንፊይና ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት የአበባ ብናኝ ጥናት ነው። ግግሩ ከሄደ በኋላ ሐይቁን የከበበው ሣርና የአሪቲ ዘመዶች የበዙበት የተራቆተ ደረቅ ምድር ነበር። ከ13,400 ዓመት በፊት እርጥበት መጣ። ከ11,200 ዓመት በፊት ገደማ ደግሞ አስታው በድንገት ተስፋፋ፣ ዝናብና ሙቀት አብረው ስለጨመሩ። ከ6,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ዝናቡ ሲቀንስ ከሥር ባሉት ደኖች ዝግባ በዛ።

ሁለተኛው ከሰሉ ራሱ የተናገረበት ነው። ከ2017ቱ ቁፋሮ በኋላ ግራሲዬላ ሂል ሮሜራ ከባልደረቦቿ ጋር የከሰሉንና የአስታውን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2019 አወጣች። እሳት በአካባቢው ከ14,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ አለ። እጅግ የበረታው ግን ከ10,800 እስከ 6,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ያ ዘመን ድርቅ አልነበረም። ተቃራኒው ነበር፤ ሰሐራ አረንጓዴ የነበረበት፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ሞልተው አንድ ትልቅ ሐይቅ የሆኑበት እርጥብ ዘመን ነው። እሳቱ የበዛው አገሩ ሁሉ ውሃ በጠገበበት ጊዜ ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ ሳነብ ሥዕሉን ገልብጬ ያየሁት መስሎኝ ነበር። እሳትን ከድርቅ ጋር ማሰር ለምደናል፣ እና ከሰል የበዛበትን ንብርብር ያየ ሰው «ዝናብ የጠፋበት ዘመን» ብሎ ቢጽፍ ማንም አይደነቅም። ስህተት ይሆን ነበር።

ነገሩን የሚፈታው ማገዶ ነው። ግግሩ በሸሸ ሰሞን ባሌ አናት ላይ ደረቅና ነፋሻ ቢሆንም የሚነድ ነገር እምብዛም አልነበረም፤ ድንጋይና ጭርንቁስ ሣር አይነድም፣ ቢነድም ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ይጠፋል። ዝናቡ ሲመጣ አስታው ሐይቁ ድረስ ወጣ። አስታ ደግሞ ቅጠሉ ደቃቅ፣ ቅርንጫፉ የተወሳሰበ፣ በእርጥቡም የሚነድ እንጨት ነው። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ አይዘንብም፤ በጋው ሲገባ ያ ሁሉ የበቀለ ማገዶ ይደርቃል። ብዙ ዝናብ ብዙ አስታ፣ ብዙ አስታ ብዙ እሳት። ዝናቡ ከ6,000 ዓመት በፊት ሲያፈገፍግ እሳቱም ያንን ብርታቱን አጣ። ቆላ ወርደን ጥቅጥቅ ያለ እርጥብ ደን ብንወስድ ሕጉ ይገለበጣል፤ እዚያ ማገዶው ሁልጊዜ አለ፣ እሳት የሚከለከለው በእርጥበት ነው፣ ስለዚህ ድርቅ ሲመጣ ይነዳል። ለዚህ ነው የከሰል ቁጥር ብቻውን የአየር ንብረት መለኪያ የማይሆነው። አጠገቡ ምን በቅሎ እንደነበር ካልታወቀ ከሰል ብዙ የሚያወራ ግን ነገሩ የማይጨበጥ ምስክር ነው።

ሌላው ግኝት አስታውና እሳቱ መደጋገፋቸው ነው። አስታ ሲቃጠል ከላይ ያለው ያልቃል፤ ከመሬት ሥር ያለው ወፍራም ጉቶ ግን አይሞትም። በቀጣዩ ዝናብ ከጉቶው ዙሪያ በደርዘን የሚቆጠር ቀንበጥ ያቆጠቁጣል፣ ጥቂት ዓመት ሲቆይ ከቀድሞው የባሰ ጥቅጥቅ ይላል፣ እንደገና ማገዶ ይሆናል። ሣኔቲ በሚባለው የባሌ አምባ አካባቢ የተቃጠለ አስታ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ የጠቆረ፣ የተጣመመ አፅም መሬት ላይ ቆሞ፣ ከእግሩ ሥር አረንጓዴ ጎፈሬ አብቅሏል። ጥናቱ ይህ ዙር ከበረዶው ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ሳይቋረጥ ሲሠራ እንደኖረ ነው የሚያሳየው። አስታ እሳትን የተሸከመ ተክል ብቻ ሳይሆን ከእሳት ጋር ያደገ ተክል ነው።

ታዲያ ማን ለኮሰው? ከሰል ላይ የለኳሹ ስም አይጻፍም። መብረቅ ሊሆን ይችላል፣ ሰውም ሊሆን ይችላል። ሰው በዚያ ከፍታ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። በዚያው በባሌ፣ ፊንቻ ሐበራ በሚባል 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ የዋሻ መጠለያ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እሳት አንድደው፣ ግዙፉን የባሌ ፍልፈል ጠብሰው በልተው ኖረዋል። ሐይቁ ውሃ ሳይቋጥር በፊት ተራራው የምድጃ ጭስ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ይህ ግን አስታውን ያቃጠሉት እነሱ ወይም ልጆቻቸው ናቸው ለማለት አያበቃም፤ በመካከሉ ያለው የዓመታት ክፍተት ብዙ ነው።

የዛሬዎቹን ለኳሾች በተመለከተ ግን የተሻለ እናውቃለን። ማሪያ ዮሐንሰንና ባልደረቦቿ ባሌ ላይ አርቢዎችን ጠይቀው፣ እሳቱንም ራሱን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት አለ። አርቢዎቹ ለምን እንደሚያቃጥሉ ሲጠየቁ የሰጡት ምክንያት ሦስት ነው፦ ለከብት የሚሆን ግጦሽ ለማግኘት፣ ከብት የሚመርዝ አባጨጓሬ ለማጥፋትና አውሬ የሚደበቅበትን ጥሻ ለመመንጠር። የቁልቁለቱን፣ የነፋሱን፣ የማገዶውን እርጥበት ነገር ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከሁሉም ያስገረመኝ እሳቱን የሚያቆሙበት ዘዴ ነው። ከአንድ እስከ አራት ዓመት በፊት የተቃጠለ ቦታ ገና ማገዶ ስላልያዘ አዲሱ እሳት እዚያ ሲደርስ ይሞታል። ስለዚህ የትኛው ጋራ መቼ እንደነደደ በቃል ይዘው፣ አሮጌውን አስታ በወጣቱ አስታ አጥረው ያቃጥላሉ። የቁጥቋጦው ዕድሜ ሲለካ አንድ ቦታ በአማካይ በየ10 ዓመቱ ገደማ ተመልሶ እንደሚቃጠል ታወቀ። ተራራው በተለያየ ዕድሜ ልክ እንደ ተጣፈ ጋቢ ሆኗል።

ክልከላው እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው። የተከለከለ ነገር ተሸሽጎ ይሠራል። ተሸሽጎ የሚያቃጥል ሰው ለኩሶ ይሄዳል እንጂ ጎረቤት ጠርቶ፣ ነፋስ አይቶ፣ ዳር ዳሩን እየተከታተለ አያቃጥልም። ክልከላው በሚከበርበት ቦታ ደግሞ አስታው ሁሉ አብሮ ያረጃል፤ እሳቱን የሚያቆም ወጣት አስታ አይገኝም፣ አንድ ቀን መብረቅም ሆነ የእረኛ እሳት ሲያመልጥ ጋራው እንዳለ ይሄዳል። የከሰሉ ጥናት ጸሐፊዎችም በመጨረሻ ያሉት ይህንኑ ነው፦ በቁጥጥር የሚደረግ ማቃጠል የባሌ ተራሮች ፓርክ አያያዝ አካል መሆን አለበት።

እኔ በዚህ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሁለት ነገር ግን ይከነክነኛል።

አንደኛው ሐሳቡ ከሰሉ ከሚችለው በላይ እንዳይለጠጥ ነው። 15 ሜትር ከምናምን ጭቃ ለ16,000 ዓመት ስናካፍለው አንድ ሴንቲሜትር በአማካይ 10 ዓመት ገደማ ይይዛል። የአርቢዎቹ አንድ ሙሉ የማቃጠል ዙር በአንድ ቁራጭ ውስጥ ተጨምቋል። ስለዚህ ሐይቁ «እሳት ነበር፣ ይበዛ ነበር፣ ያንስ ነበር» ማለት ይችላል እንጂ አንድ ቦታ በየ5 ዓመቱ ይቃጠል እንደነበር ከየ15 ዓመቱ ለይቶ መናገር አይችልም። ለአስታው ደግሞ ሕይወትና ሞቱ ያለው እዚያ ልዩነት ላይ ነው።

ሁለተኛው ከብቱ ነው። ከ10,000 ዓመት በፊት የተቃጠለ አስታ ሲያቆጠቁጥ ቀንበጡን የሚቀነጥስ የከብት መንጋ አልነበረም፤ ከብት ወደ አፍሪካ ቀንድ የገባው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። ዛሬ እሳቱ እንደወጣ የሚገባው መንጋ ነው። ጉቶው ያጠራቀመውን ስንቅ አውጥቶ ቀንበጥ ያወጣል፣ ይበላበታል፣ እንደገና ያወጣል። የጥንቱን እሳት ተሸክሞ የኖረ ተክል እሳትንና ጥርስን አንድ ላይ መሸከሙን ከሰሉ አይመሰክርለትም። ከብትን በየወቅቱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘዋውረው ጎዳንቱ የሚባለው የባሌ ሥርዓት ለተቃጠለው ቦታ ፋታ ይሰጥ ነበር። ሰው በዝቶ ዓመቱን ሙሉ ላይ የሚከርም ከብት ሲበዛ ፋታው ያጥራል።

ከባሌ ወጥቶ ይህንኑ ትምህርት ሌላ ቦታ የሚተክል ሰው ደግሞ ወሎን ይይ። ኢየን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምብና እዚያው መሐመድ ዑመር እ.ኤ.አ. በ2003 «ሐይቅ» ከሚባለው ሐይቅና ከጎረቤቱ ከሐርዲቦ ሐይቅ ደለል ከሰልና የአበባ ብናኝ ቆጥረው ነበር። ያለፉት 3,000 ዓመታት ታሪክ ነው። መጀመሪያ የዝግባና የጥድ ደን ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ገደማ ደኑ ተመነጠረ፤ ቦታውን ክትክታና ሣር ያዙት። ክትክታ ደን የተገፈፈበትን ቦታ ቶሎ የሚወርስ፣ ከብትም እምብዛም የማይደፍረው ቁጥቋጦ ነው። ጥድ እንደ አስታ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። ከዘር ነው የሚመለሰው፣ ዘሩን የሚጥል ዛፍ በአቅራቢያው ካለ።

ክትክታው 1,800 ዓመት ቆየ። ጥዱ ከወይራ ጋር ተመልሶ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ነው፤ ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ እንደገና ተመነጠረ።